ሁሉም ያየው፣ ማንም ያልተናገረው

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ኃላፊው ግድግዳው ላይ ሰንጠረዥ አሳየን። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ድምር ስህተት ነበር። ያንን ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ከላይ ያሉት ቁጥሮች ተደምረው በፍጹም እዚያ አይደርሱም። ልናገር አልኩና ዙሪያዬን ቃኘሁ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ ማስታወሻ ይይዛል። "እኔ ያልገባኝ ነገር ይኖር ይሆናል" አልኩ በልቤ። ዝም አልኩ።

ስብሰባው አልቆ ኮሪደሩ ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጠጋ ብላ "ያቺን ድምር አየሃት?" አለችኝ። ከኋላችን የነበረው ልጅም አይቷታል። ሌላ ሰውም ጨመረ። ቢያንስ አራት ሰው ያየውን ስህተት ለሃያ ደቂቃ አብረን ስንነቀንቅለት ቆይተናል ማለት ነው። በዚያ ቁጥር ላይ የቆመው ዕቅድ ሦስት ወር ሳይሞላው ፈረሰ።

ያን ቀን ራሴን ፈሪ ብዬ ሰደብኩት። ዛሬ ግን ያ ስድብ ምንም እንደማያስረዳ አምናለሁ። ያቺ ባልደረባዬ ፈሪ አይደለችም፤ በሌላ ቦታ ስትከራከር አይቻታለሁ። አራታችንንም ለየብቻ ቢጠይቁን ስህተቱን በአንድ ደቂቃ እንናገር ነበር። አንድ ላይ ተቀምጠን፣ አለቃ ፊታችን ቆሞ፣ ጠፋብን። አንድ ሰው የሚያደርገውን ስናይ "ጠባዩ ነው" ማለት ይቀናናል። የተቀመጠበትን ወንበር፣ አጠገቡ ያሉትን ሰዎች፣ ከበላዩ ያለውን ሰው አንቆጥርም። በማኅበራዊ ሥነ ልቦና የተሠሩት ትልልቅ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት ግን እነዚህ ነገሮች ከምናስበው በላይ እንደሚገፉን ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በጣም የታወቀው ሙከራ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የሰለሞን አሽ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ነው ያደረገው። እስቲ ራሳችሁን እዚያ ክፍል ውስጥ አስቀምጡ። ሰባት ስምንት ሰው አንድ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ካርድ ይቀርባል። አንደኛው ላይ አንድ መስመር አለ፤ ሌላው ላይ ሦስት። ከሦስቱ የትኛው ከዚያ ከአንዱ ጋር እኩል እንደሆነ በየተራ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ነው። ሕፃን የሚመልሰው ጥያቄ ነው። የእናንተ ተራ መጨረሻ አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ዙር በሰላም ያልፋል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ከዚያ አንድ ዙር ላይ የመጀመሪያው ሰው፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይበት፣ ግልጽ ሆኖ የተሳሳተውን መስመር ይጠራል። ሁለተኛው ያንኑ ይደግማል። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ተራው እየቀረበ ነው። ካርዱን ደግማችሁ ታያላችሁ። ዓይናችሁ አንድ ነገር ይላችኋል፤ አምስት አፍ ሌላ ይላል።

ሌሎቹ በሙሉ አስቀድሞ የተነገራቸው የአሽ ተባባሪዎች ናቸው። ከ18 ዙር በ12ቱ ሆን ብለው ይሳሳታሉ። እውነተኛዎቹ ተሳታፊዎች በእነዚያ ዙሮች ከሰጡት መልስ ከሦስት አንዱ ያህል ከቡድኑ ጋር ሄደ። ከአራት ሰው ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሸነፈ። ብቻቸውን የተጠየቁት ግን የሚሳሳቱት ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም።

ይህን ሙከራ የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እኔ ግን ሌላውም ግማሽ መነገር አለበት እላለሁ። ከሦስት መልስ ሁለቱ ትክክል ነበር። ከአራት ሰው አንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተነቃነቀም። ሰው በግ ነው የሚል መደምደሚያ ከዚህ አይወጣም።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ሰዎቹ በኋላ የሰጡት ምክንያት ነው። አንዳንዶቹ "ይህን ያህል ሰው ሊሳሳት አይችልም፤ የኔ ዓይን ነው ችግሩ" ብለው ነበር። ሌሎቹ ቡድኑ መሳሳቱን እርግጠኛ ነበሩ፤ ግን ተነጥለው መታየት አልፈለጉም። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ከውስጥ ግን የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው እውነትን ፍለጋ ሌላውን ያያል፤ ሁለተኛው ቦታውን ላለማጣት ነው። አሽ ተሳታፊው መልሱን ጮክ ብሎ በመናገር ፋንታ በወረቀት እንዲጽፍ ሲያደርግ ከቡድኑ ጋር የሚሄደው መልስ በጣም ቀነሰ። ብዙዎቹ አላመኑም ነበር ማለት ነው። አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

አሽ ሌላም ነገር ሞከረ። ከተባባሪዎቹ አንዱን ብቻ እውነቱን እንዲናገር አደረገ። አንድ ሰው ብቻ! ስህተቱ ወደ አንድ አራተኛው ወረደ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የዚህ ነገር የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ ሙከራ በ1968 ታትሟል። ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ ሰዎችን መጠይቅ እንዲሞሉ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው፤ ከዚያ በግድግዳው ቀዳዳ ጭስ ለቀቁ። ብቻቸውን ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ወጥተው ተናገሩ። ጭሱን አይተው ዝም ከሚሉ ሁለት ተባባሪዎች ጋር ከተቀመጡት ግን ከአሥር አንዱ ብቻ ነው የተናገረው። የቀሩት ዓይናቸውን እያሹ፣ ጭሱን በእጃቸው እያራገቡ መጠይቁን ይሞላሉ። እያንዳንዱ የሌላውን ፊት አይቶ "ካልደነገጡ ምንም የለም ማለት ነው" ይላል። የእሱንም የረጋ ፊት የሚያነብ ሌላ ሰው እንዳለ አያስብም። እኛስ በዚያ ስብሰባ ራሳችንን ስንነቀንቅ ያደረግነው ይኸው አይደል?

የኛና የነሱ

ቡድን ዝም ከማሰኘት ሌላ ሥራም አለው። "የኛ" እና "የነሱ" የሚለውን ስሜት ይፈጥራል፤ ያውም በቀላሉ። አንሪ ታይፌል በ1970 ገደማ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ውስጥ 14 እና 15 ዓመት የሞላቸውን ተማሪዎች በሁለት ከፈለ። በአንዱ ሙከራ ልጆቹ የተከፈሉት የክሌን ወይም የካንዲንስኪን ሥዕል መርጠዋል ተብሎ ነው። በቡድናቸው ውስጥ ማን እንዳለ አያውቁም። አይተያዩም፤ አይነጋገሩም። ከዚያ ለሌሎች ልጆች ገንዘብ የሚሆን ነጥብ እንዲያከፋፍሉ ተጠየቁ። ለራሳቸው የሚያገኙት ነገር የለም። ለራሳቸው ቡድን አብልጠው ሰጡ። ይህ ላያስገርም ይችላል። የሚያስደነግጠው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ብዙዎቹ ለቡድናቸው አነስ ያለ ነጥብ ቢደርሰውም ልዩነቱ የሚሰፋበትን ምርጫ መረጡ። ከማግኘት ይልቅ መብለጥ።

ስድብ የለም፣ የቆየ ቂም የለም፣ የሚያጣላ መሬት የለም። ስም ብቻ ነው ያለው። ስም ብቻውን ይህን ካደረገ፣ እውነተኛ ቂምና እውነተኛ ጥቅም ሲታከልበት ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይከብዳል።

የሚከበርና የሚፈራ

ወደ ደረጃ እንምጣ። ሰው በሰው መካከል ከፍ የሚልበት ሁለት መንገድ አለ። ጆሴፍ ሄንሪክና ፍራንሲስኮ ጊል-ዋይት በ2001 ይህን በደንብ ለይተው ጽፈዋል። አንዱ መንገድ መፈራት ነው። ሌላው መከበር ነው። የሚፈራ ሰው ሲገባ ዓይናችንን እንሰብራለን፣ ዘወር እንላለን። የሚከበር ሰው ሲገባ እንጠጋዋለን፣ እናየዋለን፣ ከሱ እንቀዳለን። የምንቀዳው ደግሞ የተካነበትን ሙያ ብቻ አይደለም። አለባበሱን፣ አነጋገሩን፣ ስለማያውቀው ነገር የሚሰጠውን አስተያየት ጭምር ነው። በ1955 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ፦ አንድ ሰው የእግረኛ መብራት ጥሶ መንገድ ሲሻገር ስንት ሰው ይከተለዋል? ያው ሰውዬ ሱፍ ለብሶ ሲሻገር የተከተለው፣ የተጎሳቆለ ልብስ ለብሶ ሲሻገር ከተከተለው ይበልጣል። መብራቱ ግን ያው ቀይ ነው።

መንገድ መሻገሩ ቀላል ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሲሆን ይከብዳል። በ1966 የታተመ ጥናት ላይ አንድ የማይታወቅ ድምፅ "ዶክተር ነኝ" ብሎ ተረኛ ነርሶች ጋ ስልክ ይደውላል። ለአንድ ታካሚ 20 ሚሊግራም መድኃኒት እንዲሰጡ ያዛል። ማሸጊያው ላይ ከ10 በላይ እንዳይሰጥ ተጽፏል። ትእዛዝን በስልክ መቀበልም ክልክል ነው። ከ22 ነርሶች 21ዱ ለመስጠት ተነሡ፤ ተመራማሪዎቹ ናቸው ያስቆሟቸው። ለሌሎች 12 ነርሶች ነገሩ እንደ ታሪክ ተነግሯቸው "እናንተ ብትሆኑስ?" ሲባሉ ግን 10ሩ አንሰጥም አሉ። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰጥ መልስና ስልኩ ጆሮ ላይ እያለ የሚሰጥ መልስ እንዲህ ይራራቃል።

በ1977 ሌሎች ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ሙከራ አደረጉ፤ በሁለት ነገር ብቻ ለወጡት። መድኃኒቱ ነርሶቹ በደንብ የሚያውቁት ሆነ። ከባልደረቦቻቸው ጋር መማከርም ቻሉ። ከ18ቱ ሁለት ብቻ ለመታዘዝ ተነሡ። ዕውቀትና የሚያማክሩት ሰው ሲኖር ነገሩ ተለወጠ።

ሦስት ሰው በአንድ ኮክፒት

ይህ ሁሉ በሕይወት ላይ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ መጋቢት 1977 ልውሰዳችሁ። ቦታው የስፔን ግዛት የሆነችው ቴኔሪፌ ደሴት፣ ሎስ ሮዴኦስ አውሮፕላን ማረፊያ። ዋናው መዳረሻ ላይ ቦምብ በመፈንዳቱ ብዙ አውሮፕላን ወደዚህች ትንሽ ማረፊያ ተልኮ ተጨናንቋል። ጉም ወርዷል። ሁለት ቦይንግ 747ዎች፣ አንዱ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም፣ አንዱ የአሜሪካው የፓን አሜሪካን፣ አንድ ማኮብኮቢያ ላይ ናቸው፤ አይተያዩም።

የኬኤልኤሙ ካፒቴን ተራ አብራሪ አልነበረም። የድርጅቱ የ747 አሠልጣኞች አለቃ ነው። ፎቶው በድርጅቱ ማስታወቂያ ላይ የሚወጣ ሰው ነው። አጠገቡ የተቀመጠውን ረዳት አብራሪ ከሁለት ወር ገደማ በፊት 747 ለማብረር ብቁ መሆኑን የፈተነው እሱ ራሱ ነው። እስቲ አስቡት፤ ፈተና ያሳለፋችሁን ሰው ማረም።

ረዳቱ ግን አንዴ አረመው። ካፒቴኑ ሞተሩን ሲጨምር "ቆይ፣ ገና ፈቃድ አልተሰጠንም" አለው። ካፒቴኑ "አውቃለሁ፣ ጠይቅ" አለ። ረዳቱ ጠየቀ። ከማማው የመጣው መልስ ከተነሡ በኋላ የሚከተሉትን መስመር የሚገልጽ እንጂ የመነሻ ፈቃድ አልነበረም። ካፒቴኑ ግን መንደርደር ጀመረ። በዚህ ጊዜ ረዳቱ አላስቆመውም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ አለቃን ማረም ከብዶት ይሆን? መልሱን ይዞት ሄዷል።

ከኋላ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ በሬዲዮ የሚመላለሰውን ሰምቶ ተጠራጠረ። "ያ ፓን አሜሪካን ገና አልወጣም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት መለሰ፦ "ወጥቷል እንጂ!" መሐንዲሱ ዝም አለ። ጥቂት ሰከንዶች ቆይተው ተጋጩ። 583 ሰው ሞተ። በአቪዬሽን ታሪክ በአንድ አደጋ ይህን ያህል ሰው በግጭት ያለቀበት ጊዜ የለም።

አደጋው አንድ ምክንያት ብቻ አልነበረውም። ጉሙ አለ። ሁለት የሬዲዮ መልእክት በአንድ ጊዜ ተላልፎ ተደበላልቋል። የተነገሩት ቃላት አሻሚ ነበሩ። እኔ ግን የመሐንዲሱን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ጥያቄ ነው። ሥጋቱን በጥያቄ ጠቀለለው። ከበላያችን ካለ ሰው ጋር ስንነጋገር ሁላችንም እንዲህ እናደርጋለን፦ "ተሳስቼ ካልሆነ"፣ "አንዴ ብናየው ምን ይመስላችኋል"፣ "እኔ እንጃ ብቻ…" ጨዋነት ነው። ብዙ ቀን ጉዳት የለውም። አንዳንድ ቀን ግን "አቁም" መባል ያለበት ነገር በ"እንዴ?" ይወጣል። የበላዩ ጥያቄውን በአንድ ቃል ይዘጋዋል።

ትእዛዝ የሚጸናውና የሚላላው

ስለ ሥልጣን ሲወራ ስታንሊ ሚልግራምን አለመጥቀስ አይቻልም። በ1961 ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረው ሙከራ ነው። ተሳታፊው "መምህር" ይሆናል። በሌላ ክፍል ያለ "ተማሪ" በተሳሳተ ቁጥር የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጠዋል፤ በየ15 ቮልቱ እየጨመረ እስከ 450። ንዝረቱ የውሸት ነው፤ ተሳታፊው ግን አያውቅም። ሲያመነታ ካባ የለበሰው ተመራማሪ "ሙከራው እንዲቀጥሉ ይጠይቃል" ይለዋል። በታወቀው ዙር ከ40 ሰው 26ቱ እስከ መጨረሻው ሄዱ።

ይህን ቁጥር በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። በኋላ መዝገቡን የመረመሩ ሰዎች፣ ተመራማሪው አንዳንዴ ከተጻፈለት ውጭ እንደገፋና ከተሳታፊዎቹም ንዝረቱ እውነት መሆኑን የተጠራጠሩ እንደነበሩ አሳይተዋል። በ1971 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ጠባቂና እስረኛ እንዲሆኑ ተደርጎ የተካሄደው የ"እስር ቤት" ሙከራ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ጠባቂ የሆኑት ተማሪዎች እንዲጨክኑ ግፊት ይደረግባቸው እንደነበር ታውቋል። ስለዚህ "ሰው ዩኒፎርም ከለበሰ በራሱ ይጨክናል" ለሚለው ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ከሚልግራም ሙከራ የሚበልጠው ትምህርት ያለው በለውጦቹ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ተመራማሪው ክፍሉን ትቶ በስልክ ሲያዝ እስከ መጨረሻ የሚሄደው ከአምስት ሰው አንድ ያህል ሆነ። ሁለት ተመራማሪዎች ተቀምጠው አንዱ "ቀጥል"፣ ሌላው "አቁም" ሲል አንድም ሰው አልቀጠለም። ከጎን የተቀመጡ ሁለት ሌሎች "መምህራን" እምቢ ብለው ሲነሡ ደግሞ ከ40 አራት ብቻ ጨረሱ። ሰዎቹ ያንኑ ዓይነት ሰዎች ናቸው። በውስጣቸው ያለ ጭካኔ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ አልቀነሰም። ሥልጣን በአዛዡ ሰውነት ውስጥ የተቀመጠ ነገር ሳይሆን፣ አጠገብ በመሆኑ፣ አንድ ድምፅ በመሆኑና ሌላው ዝም በማለቱ የሚቆም ነገር ነው።

ከላይ ሲታይ

እስካሁን ያወራነው ከታች ስላለው ሰው ነው። ላይ ያለውስ? "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው ተረት ሹመትን ከጥቅም ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ሹመት ሌላም ነገር ያደርጋል፤ ጆሮ ይደፍናል። ያውም ሹመኛው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሰው ከተሾመ በኋላ ቀልዱ ያስቃል። ሐሳቡ ይወደሳል። መጥፎ ወሬ እሱ ጋ እስኪደርስ በየደረጃው እየተለሰለሰ ይመጣል። ከታች ያለው ሰው የበላዩን ስሜት በየደቂቃው ያነባል፤ ኑሮው በሱ ላይ ነውና። ከላይ ያለው የበታቹን ፊት የማንበብ ግዴታ የለበትም። ቀስ በቀስ ሁሉም የሚስማማ ይመስለዋል።

በነገራችን ላይ፣ ሁለት ደቂቃ ደረትን ነፍቶ መቆም ሆርሞን ለውጦ ኃያል ያደርጋል የሚል ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። በ2010 የወጣ ጥናት ነበር። በኋላ በብዙ ሰው ላይ ሲሞከር የሆርሞኑ ለውጥ አልተገኘም፤ ከጥናቱ ባለቤቶች አንዷም በ2016 በዚህ ውጤት እንደማታምን በግልጽ ጽፋለች።

ደረጃ እስከ ሥጋና ደም ድረስ ይዘልቃል። ለንደን ውስጥ ከ1967 ጀምሮ 18,000 ያህል የመንግሥት ሠራተኛ ወንዶችን የተከታተለ ጥናት አለ፤ ውጤቱን ማይክል ማርሞትና ባልደረቦቹ ጽፈውታል። ሁሉም ሥራ አላቸው፤ ደሃ የሚባሉ አይደሉም። ያም ሆኖ በዝቅተኛው እርከን ያሉት የሚሞቱበት መጠን ከከፍተኞቹ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ሲጋራውና የደም ግፊቱ የሚያስረዱት ከፊሉን ብቻ ነው። በ1985 የተጀመረው ሁለተኛው ጥናት፣ በሥራ ላይ የመወሰን ነፃነት ማጣት ከልብ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ሥራ የሚበዛበት አለቃ ይታመማል እንላለን፤ ይበልጥ የሚታመመው ግን የሥራው ልጓም በእጁ ያልሆነው ነው።

ዝምታውን ለመስበር

"ዝም አይነቅዝም" ይባላል። ለግል ነገር ጥሩ ምክር ነው። ኮክፒት ውስጥና ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ግን ይነቅዛል።

ከቴኔሪፌና ከሌሎች አደጋዎች በኋላ አቪዬሽን ይህን አመነ። በ1979 ናሳ በጉዳዩ ላይ ባለሙያ ሰብስቦ መከረ፤ በ1981 ዩናይትድ አየር መንገድ ለበረራ ሠራተኞቹ አዲስ ሥልጠና ጀመረ። ረዳቱ ሥጋቱን በግልጽ ቃል እንዲናገር፣ ካልተሰማ እንዲደግም፣ ካፒቴኑም እንዲጠይቅ ይለማመዳሉ። ለረዳቱ "ደፋር ሁን" ማለት ብቻ አይደለም። መናገርን የሥራው አካል አደረጉት፤ ከዚያ በኋላ ዝም ያለው ነው ጥፋተኛው።

ሕክምናም ከዚህ ተማረ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የቀዶ ሕክምና የማረጋገጫ ዝርዝር ቢላው ሰውነት ከመንካቱ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ስሙንና ሥራውን እንዲናገር ያዛል። አንዴ አፉን የከፈተ ሰው ደግሞ ለመክፈት ይቀለዋል። በስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 በወጣው ውጤት የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ግን መንግሥት ሆስፒታሎች ዝርዝሩን መጠቀማቸውን በይፋ እንዲያሳውቁ ባዘዘ ጊዜ ያን የመሰለ ለውጥ አልታየም። ወረቀቱን ሞልቶ እንደ ድሮው ዝም ማለትም ይቻላልና።

አለቃው ከፈለገ ሊያደርግ የሚችለውን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ አሳይቷል። በ1961 የኩባ ወረራ ሲመከር አማካሪው አርተር ሽሌሲንገር ዕቅዱን ተቃውሞ በጽሑፍ አቅርቦ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ዝም አለ። ወረራው ከሸፈ፤ እሱም በዝምታው ተጸጸተ። በ1962 ሶቪየት ኅብረት ኩባ ውስጥ ሚሳይል በመትከሏ ቀውስ ሲመጣ ኬኔዲ ከአንዳንድ ስብሰባዎች ሆን ብሎ ቀረ። እሱ ካለ ሰዎቹ የሱን ፊት እያዩ እንደሚናገሩ ገብቶታል።

አለቃ ያልሆንን ሰዎችስ? የያዛችሁልኝን ቁጥር አሁን መልሱልኝ። አሽ እውነቱን የሚናገረው አጋር አንድ ብቻ ሆኖ ስህተቱን ወደ አንድ አራተኛ እንዳወረደው አይተናል። ቀጥሎ ያን አጋር ሊነጥቅ ሞከረ። በአንዱ ሙከራ አጋሩ መሐል ላይ ከዳ፤ ከብዙኃኑ ጋር መሳሳት ጀመረ። ተሳታፊው ወዲያው ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ ስህተቱ አሻቀበ። በሌላው ሙከራ ግን አጋሩ አልከዳም። ቀጠሮ አለኝ ብሎ ተነሥቶ ከክፍሉ ወጣ። ተሳታፊው ብቻውን ቀረ፤ ያው ቡድን ያንኑ ስህተት እየደጋገመ ነው። ስህተቱ ትንሽ ጨመረ፤ አጋሩ የከዳ ጊዜ የጨመረውን ያህል ግን አልሆነም። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ተሳታፊው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያየውን መናገሩን ቀጠለ።